የአይጥ ጉዝጓዝና የልብስ ማለስለሻ

ለማዳ አይጥን፣ ማለትም ከቡናማው አይጠ መጎጥ በሰው እጅ ተራብቶ ለጓደኝነት የሚያዘውን ዘር፣ በሽቦ ቤት የሚያሳድግ ሰው ሁሉ ውሎ አድሮ ከጉዝጓዝ ጉዳይ አያመልጥም፤ ጉዝጓዝ ሲባል ከእንስሳው እግር ሥር የሚነጠፈው፣ ሽንት የሚይዘውና መዳፉን ሽቦ እንዳያቆስለው የሚከላከለው ማናቸውም ነገር ነው። ለረጅም ዘመን ይህን ሥራ የሠራው ሰጋቱራ ቢሆንም፣ ከዝግባና ከመሰል ዛፎች የሚገኘው ሰጋቱራ በአይጦች ጉበት ኢንዛይሞች ላይ ለውጥ እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በ1967 የታተመ ጥናት ስላሳየ፣ ጠንቃቃ ባለቤቶች እየተጠራጠሩት መጥተዋል። ዛሬ ብዙዎቹ የሚመርጡት ፍሊስን ነው። ይህ ከፖሊስተር ክር ተሠርቶ ገጹ በብሩሽ እየተፋቀ እንዲጎፍር የተደረገ፣ በአገር ቤት በሰልባጅ ጃኬትነቱ የሚታወቅ ጨርቅ፣ በአሜሪካ ሎረንስ ከተማ ማልደን ሚልስ በተባለ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1979 የተፈለሰፈው ለብርድ መከላከያ ልብስ ነበር፤ አይጦች በጉዳዩ አልተማከሩም።

ስለ ፍሊስ የሚነገረው ሙገሳ ግን አብዛኛው ለሌላ የሚገባ ነው። ፖሊስተር ውኃ አይመጥም፤ ሽንቱ በክሮቹ መካከል ሾልኮ ወደ ታች ይወርድና ላዩ ደርቆ ይቀራል፣ ባለቤቱም ደረቅ ነገር ነክቶ ንጹሕ ነው ብሎ ያምናል። እውነተኛውን ሥራ የሚሠራው ከሥሩ የተነጠፈው የጥጥ ፎጣ ሲሆን፣ እሱ ከሌለ ሽንቱ በወለሉ ላይ ተኝቶ፣ ባክቴሪያዎች በውስጡ ያለውን ዩሪያ ወደ አሞንያ፣ ማለትም ዓይን ወደሚቆጠቁጠው ጋዝ ይለውጡታል። በብዙ ለማዳ አይጦች ሳንባ ውስጥ ማይኮፕላዝማ ፑልሞኒስ የሚባል ተሕዋስ ተደብቆ ይኖራል፤ አሞንያ በበዛበት አየር ውስጥ የዚህ ተሕዋስ ሕመም እንደሚበረታ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ጥናት አረጋግጧል። የአይጥ አፍንጫ ከወለሉ የሚርቀው በጣት ስፋት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ጋዙ ከላይ ቆሞ ለሚያየው ሰው ሳይሸተው በፊት አይጡ ሲምገው ሰንብቷል። የፍሊሱን ጫፍ ገለጥ ያደረገ ሰው የሚያገኘው ቢጫ የሆነ እርጥብ ፎጣ፣ በጥርስ የተሸረከተ ወረቀት፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ የደረቀ ፓስታና፣ በመጋረጃው መገለጥ ቅር የተሰኘ አንድ አይጥ ነው።

ይህ ሁሉ ዛሬ እንዲነሣ ያደረገው፣ በሜሪላንድ በሚገኝ አንድ መኖሪያ ሕንፃ የጋራ ማጠቢያ ክፍል በር ላይ የተለጠፈውና የአይጥ ጨርቅ በማሽኖቹ ማጠብን የሚከለክለው ማስታወቂያ ነው። ጽሑፉ የማንንም ስም አይጠራም፤ ሆኖም በሕንፃው አይጥ የሚያሳድገው አንድ ቤት ብቻ ስለሆነ ምሥጢሩ ብዙ አያመራምርም። በዚያው ክፍል ግን፣ በዚያው ሰዓት፣ ጸጉር የለበሰ የውሻ ብርድ ልብስ በማድረቂያው ውስጥ እየተሽከረከረ ነበር፤ ስለ እሱ የተለጠፈ ነገር የለም። ውሻ በዝናብ ወጥቶ፣ የመንገዱን ሁሉ አሽትቶና በጭቃው ተንከባሎ ሲመለስ የቤተ ሰብ አባል ይባላል፤ ከቤት ወጥቶ የማያውቀው፣ ቀኑን ሙሉ ፊቱን ሲያጥብ የሚውለው አይጥ ግን ወረርሽኝ ነው። እንግሊዞች ሜሪ ዳግላስ በተባለች ሴት ጥያቄ አይጠ መጎጥ በትናንሾቹ አይጦች ወዳጆች ክበብ ትርኢት ላይ እንዲወዳደር ከፈቀዱለት፣ እ.ኤ.አ. ከ1901 ወዲህ፣ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ዜናው እስከ ማጠቢያ ክፍሉ ገና አልደረሰም።

ለእውነት ሲባል ማስታወቂያው ግማሽ እውነት አለው፤ ጸጉሩና ኩሱ በደንብ ካልተራገፈ የማሽኑን ማጣሪያ ይዘጋል፣ ስለዚህ ጨርቁ ከመታጠቡ በፊት ውጭ ተራግፎ በደረቅ ብሩሽ መጠረግ አለበት። የቀረው ግማሽ በደል ግን ወደ ሌላ ወገን ያመለክታል። የልብስ ማለስለሻ በክሮቹ ላይ የቅባት ዓይነት ሽፋን ስለሚተው፣ ሽንቱ ሾልኮ መውረዱ ይቀርና ላዩ ላይ ይንጣለላል፤ ያን ጊዜ ፍሊሱ በአይጥ ቤት ውስጥ ዋጋ የለውም። ባለቤቱ ያለ ማለስለሻ፣ በሙቅ ውኃና ሽታ በሌለው ሳሙና፣ ጥቂት ኮምጣጤ ጨምሮ ቢያጥብም፣ ከእሱ በፊት የተጠቀመው ጎረቤት በማሽኑ ሳጥን ውስጥ የተወው ሰማያዊ ዝቃጭ ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። በአይጥ ጨርቅ የቆሸሸ ሸሚዝ እስካሁን አልታየም፤ በሰው ማለስለሻ የተበላሸ የአይጥ ጨርቅ ግን ሞልቷል።

ንጽሕና ራሱም ልክ አለው። አይጥ በሽንት ጠብታ ግዛቱን ምልክት የሚያደርግ፣ በተለይ ወንዱ እየተራመደ የሚያንጠባጥብ ፍጥረት በመሆኑ፣ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከጣሪያ እስከ ወለል ታጥቦ የራሱ ሽታ ሲጠፋበት፣ እንደ አዲስ ርስት ያገኘ ሰው ወሰኑን ሊያካልል ይነሣል፤ ባለቤቱ ትኩስ ፍሊስ አንጥፎ ዘወር ሲል ግማሹ ረጥቦ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ወለሉን ሲቀይሩ መኝታውን ለሌላ ቀን ያቆዩታል፣ ፎጣውን ግን ሳይሸት ይለውጡታል።

እንግዲህ የጋራ ማሽን የሚጠቀም ሁሉ ማለስለሻውን ቢተው፣ ካልሆነለትም ሳጥኑን አጥቦ ቢሄድ መልካም ነው። ማስታወቂያውን የለጠፉት ሰው ደግሞ በቅድሚያ የውሻቸውን ብርድ ልብስ ከማድረቂያው ያውጡ።