የገና ዕለት አመድና የ1976ቱ ዳትሰን

ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም. የሎስ አንጀለስ ኢትዮጵያውያን ገናን እያከበሩ ሳለ ፓሊሴድስ በተባለው ሰፈር እሳት ተነሣ። ምሽት ላይ ደግሞ በአልታዴና በኩል ሌላ እሳት ተቀጣጠለ። ነፋሱ ብርቱ ስለነበር አመዱ ነበልባል ያልነካቸው ሰፈሮች ላይ ሳይቀር ረገፈ።

ጉለሌ፣ አዲሱ ገበያ አካባቢ ያደገና ለብዙ ዓመታት በሎስ አንጀለስ የኖረ አንድ መካኒክ መኪናውን በውኃ አጠበ። ሐሳብ የሆነበት ግን ከላይ የሚታየው ሳይሆን ሞተሩ የሳበው አመድ ነበር።

መኪናው እ.ኤ.አ. የ1976 ሞዴል ዳትሰን 280ዜድ ነው። ታላቅ ወንድሙ 240ዜድ በ1971 እና በ1973 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ አሸንፎ፣ የአፍሪካን አቧራ እንደሚችል ያስመሰከረ መኪና ነው። 240ዜድ የሚሠራው በካርቡራቶር ነበር። የአሜሪካ የጭስ ሕግ እየጠበቀ ሲመጣ ግን ከ1975 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የቀረበው 280ዜድ፣ ባለ 2.8 ሊትርና ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሩ ቦሽ ባበጀው ኤል-ጄትሮኒክ የተባለ ኢንጄክሽን ተገጠመለት።

መካኒኩ እጁን ያፍታታው ጉለሌ ጋራዥ ውስጥ፣ በላዳ፣ በፊያትና በቮልስ ነው። በእነዚያ መኪኖች የአየር ፊልትሮው ሲዘጋ ካርቡራቶሩ አየር እያጠረው ቤንዚን አብዝቶ ይስባል፤ ጥቁር ጭሱም ይናገራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ወደ እንጦጦ የሚወጣ መኪና ፊልትሮው ካልጸዳ ገና ዳገቱን ሲጀምር ያለከልካል።

ዳትሰኑ ግን እንዲህ በቀላሉ አይናገርም። ከፊልትሮው ቀጥሎ አየሩ የሚገፋት አንዲት ክዳን አለች። ክዳኗ በተከፈተችው መጠን ኮምፒውተሩ ስንት ቤንዚን መረጨት እንዳለበት ያሰላል። አየሩ የሚለካው ከፊልትሮው በኋላ ስለሆነ ፊልትሮው ቢታፈንም ሒሳቡ ብዙም አይዛባም። ጥቁር ጭስ የለም፤ ጉልበቱ ብቻ፣ በተለይ ሞተሩ በኃይል ሲዞር፣ ቀስ እያለ ይከዳል።

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብላ በሰየመችው መንደር፣ ቡና ሲጠጡ ምክር አይጠፋም። ዋናውን የፊልትሮ ቤት አውጥተህ ጣል፣ ክፍት የሆነውን ሾጣጣ ፊልትሮ ግጠም፣ ጉልበት ይጨምራል ይሉታል። እሱ አይስማማም። ክፍቱ ፊልትሮ የሚስበው ኮፈኑ ሥር የጋለውን አየር ነው፤ የጋለ አየር ደግሞ ስስ ነው። ዋናው ቤት ከፊት ቀዝቃዛውን ይቀበላል። ሕጉም አለ። በካሊፎርኒያ የ1975 ሞዴልና ከዚያ በፊት የተሠሩ መኪኖች ከጭስ ምርመራ ነፃ ሲሆኑ የ1976ቱ ግን በየሁለት ዓመቱ ይመረመራል። የግዛቱ የአየር ቦርድ የፈቃድ ቁጥር ያልሰጠው የአየር መሳቢያ ከተገጠመበት መርማሪው በዓይኑ አይቶ ብቻ ይጥለዋል።

ስለዚህ እንደ ፋብሪካው ያለ የወረቀት ፊልትሮ ገዛ። ጭንብል አጥልቆ የፊልትሮ ቤቱን መክደኛ ፈታ፤ የቤት ቃጠሎ አመድ ወደ ሳንባ የሚገባ ነገር አይደለም። አሮጌው ፊልትሮ ግራጫ ለብሷል። የቤቱን ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገ እንጂ በኮምፕሬሰር አልነፋም፤ የተነፋ ብናኝ የሚሄደው ወደ ሞተሩ ነው። ክዳኗን በጣቱ ገፋ አድርጎ ሳትይዝ መመለሷን አየ። ከእሷ እስከ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ እያጠፈ መረመረ፤ በስንጥቅ የሚገባ አየር ሳይለካ ስለሚያልፍ ሞተሩ ቤንዚን ያንሰዋል። በመጨረሻ የአዲሱ ፊልትሮ ጠርዝ ዙሪያውን በደንብ መቀመጡን አረጋግጦ ዘጋው።

ጉለሌ ጋራዥ የሚሠራው የእህቱ ልጅ ሁሉንም በስልኩ እያየ ነበር።

«ጋሼ፣ ምነው አራግፈው ቢመልሱት?»

«ወረቀት ነው ልጄ። በነፋኸው ቁጥር ይሳሳል፤ ከተቀደደ ደግሞ አቧራውን ሞተሩ ይበላዋል።»

መካኒኩ ይህን መኪና አንድ ቀን አገር ቤት ሊያስገባው ይመኝ ነበር። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያ ሐሳብ ቀርቷል። የእህቱ ልጅ ጋራዥም አሁን የኤሌክትሪክ መኪኖች ይመጣሉ። የሞተር አየር ፊልትሮ የላቸውም፤ ለተሳፋሪው አየር የሚያጠራ ግን አላቸው። ልጁ ከአንዱ ያወጣውን፣ አቧራ የጠጣ ፊልትሮ ወደ ካሜራው አስጠግቶ አሳየው። አጎቱም ርዝመቱንና ወርዱን ለክቶ፣ አየሩ የሚገባበትን አቅጣጫ የሚያመለክተውን ቀስት ፎቶ አንሥቶ እንዲልክለት ጠየቀው።