የኮሽሙ አጥር

ባህል ሲባል ክራሩና የጥበብ ልብሱ ፈጥኖ ይታሰበናል፤ በእናቶቻችን ድስት ውስጥ ያለው ዕውቀት ግን ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ያልፋል። ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ ሳይሆን የራሴን ጥፋት ለመናገር ነው።

ያደግሁበት ግቢ አጥሩ ኮሽም ነበር። በእጽዋት ሳይንስ ዶቭያሊስ አቢሲኒካ የሚባለው ይህ የደጋ ተክል እሾሁ ከብት ስለሚመልስ ጎረቤቱ ሁሉ «ጥሩ አጥር» እያለ ያመሰግነው ነበር። ፍሬውን የምናስታውሰው እኛ ልጆችና እናቴ ብቻ ነበርን። እናቴ ቢጫ ሆኖ የበሰለውን፣ ኮምጣጣነቱ ጥርስ የሚያጠርሰውን ፍሬ ለቅማ ማርማላታ ትሠራ ነበር። በጥቂት ውሃ ትቀቅለዋለች፤ በወንፊት አሽታ ዘሩንና ልጣጩን ትለያለች፤ ስኳር ጨምራ በዝግተኛ እሳት ታማስላለች። ጠብታው በቀዝቃዛ ሳሕን ላይ መፍሰሱን ሲተው ድስቱ ይወርዳል።

በ1996 ዓ.ም. አጥሩን አስቆርጬ የብሎኬት ግንብ አሠራሁ። እናቴ አልተቃወመችም፤ ከወደቁት ቅርንጫፎች ላይ የቀረውን ፍሬ በነጠላዋ ጫፍ ለቀመች እንጂ። ካረፈች በኋላ ከመንገድ ዳር ለቅሜ ሞከርሁ። የመጀመሪያው በችኮላዬ አረረ፤ ሁለተኛው አልረጋም። ስኳሩን በስንት ትመጥነው እንደነበር አንድም ቀን አልጠየቅኋትም።

አሁን ከግንቡ ሥር ስድስት ችግኞች ተክያለሁ። የኮሽም ወንዴና ሴቴ አበባ በየራሱ ዛፍ ላይ ስለሚወጣ፣ የትኛው እንደሚያፈራ እስኪያብብ ድረስ አይለይም። እስከዚያው የእናቴን ባልንጀሮች እየጠየቅሁ መጠኑን በደብተር አሰፍራለሁ።