እሱ ስፖኪዮ ይፈታል፣ እኔ ስፖኪዮ እለምናለሁ

ዛሬ ጠዋት ዲቲ ሞተሬን ለዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ላዘጋጃት ግቢ ውስጥ አጋድሜያት ስታገል ከዴንቨር ቪዲዮ ተላከልኝ። ላኪው የአክስቴ ልጅ ነው፤ ያ ቢቸና ላይ የአባቱን ሳይክል ሰርቆ ቁልቁለት ሲወርድ ጥርሱን የሰበረው። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል። ሳምንቱን ሙሉ የሰው መኪና ይጠግናል፣ እሁድ ደግሞ በካዋሳኪ ኒንጃ ሊወዳደር ነው። ፕሮፌሽናል እንዳይመስላችሁ። እዚያ ሠራተኛውም ጡረተኛውም ተማሪውም መመዝገቢያ ከፍሎ የሚገባበት የአማተር ውድድር አለ። ከመሮጡ በፊት ግን ሞተሩ ይመረመራል፤ ያላለፈ ሜዳውን አይረግጥም።

ቪዲዮው ላይ ስፖኪዮውን እየፈታ ነው። "ጋሼ፣ ስፖኪዮ ካለው አያሳልፉኝም" ይላል።

እኔ በዚያው ሰዓት ጎረቤት ለጎረቤት ስፖኪዮ እየለመንኩ ነበር። ስፖኪዮ ከሌላት አያሳልፉኝማ!

ቀጠለ። ፍሬቻውን ፈታ። የፊት መብራቱን ፈታ፤ ሲወድቅ መስታወቱ ተሰብሮ የሌላውን ጎማ እንዳይቆርጥ ነው አለኝ። ታርጋውን አወረደ። የጎን መቆሚያውን ነቀለ፤ መታጠፊያ ላይ ሲያጋድል መሬት ከነካ ያሽቀነጥረዋልና። በቦሎ ቀን እኔን የሚያስጥለኝ ጉድለት ሁሉ እሱን ያሳልፈዋል። አክስቴ ይህንኑ ቪዲዮ አይታ ደወለችልኝ። "ልጄ ተቸግሮ ነው መሰለኝ፣ ሞተሩን በየዕቃው ሊሸጠው ነው" ብላ አለቀሰች። እሷን ለማረጋጋት የፈጀሁት ካርድ ሁለት ስፖኪዮ ይገዛ ነበር።

ሳቄን የዋጥኩት ሽቦው ጋ ስደርስ ነው። ከሞተሩ ሥር ያለችውን የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን ታውቋታላችሁ። የእሷን ራስ በቀጭን መሰርሰሪያ በሳው። በቀዳዳው የማይዝግ ሽቦ አሾለከ፣ በፒንሳ ገመደውና ከሞተሩ አካል ጋር አሰረው። አስተሳሰሩም ሥርዓት አለው፤ ቡሎኗ ልትላላ ብትል ሽቦው ወደ ማጥበቂያው በኩል መሳብ አለበት። በግልባጭ ከታሰረ መርማሪው ይመልሰዋል። የዘይት ፊልትሮውም፣ የዘይት መሙያው ክዳንም፣ የፍሬኑ ቡሎኖችም እንዲሁ ይታሰራሉ። ከዚያ ራዲያተሩ ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ፈሳሽ ደፍቶ ንጹሕ ውኃ ሞላ። ለምን ስለው፣ አረንጓዴው አስፋልት ላይ ከፈሰሰ እንደ ዘይት ያንሸራትታል፣ ቶሎም አይደርቅም አለኝ። በትልልቆቹ ውድድሮችማ ሞተሩ ቢፈነዳ እንኳ የታችኛው ሽፋን ቢያንስ የዘይቱንና የማቀዝቀዣውን ግማሽ እንዲይዝ ሆኖ መሠራት አለበት።

አስቡት። ዘይቱ ቢፈስ እሱ አልፎ ሄዷል፤ የሚወድቀው ከኋላው የሚመጣው ነው። ያ ሁሉ መብሳትና መገመድ ለማያውቀው ሰው ጎማ ነው።

እኛም ሕግ አላጣንም። አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመርመር ይላል፣ ደግም አድርጓል። እኛ ግን ምርመራውን የምናየው ወረቀት እንደሚሸጥበት ሱቅ ነው። ሦስት ሞተር በአንድ ጥንድ ስፖኪዮ ሲያልፍ አይቻለሁ። አንዱ ጨርሶ ሲወጣ ለሚቀጥለው ይፈታለታል፣ መፍቻውም አብሮ ይተላለፋል። የስፖኪዮ ቅብብሎሽ ኦሎምፒክ ላይ ቢኖር ወርቁ የእኛ የሞጣ ነበር።

የእኔ ስፖኪዮዎች የት ገቡ ካላችሁ፣ ሰርግ ሄዱ።

ባለፈው ጥር አንድ የሰፈራችን ልጅ መጣና "ጋሼ፣ ሚዜ ነኝ፣ ሞተሯን ለአንድ ቀን" አለኝ። ሚዜ እንዴት ይከለከላል? እዚህ አገር ሚዜ የከለከለ ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል? ሰጠሁ። የሰርግ አጀባችንን መቼም ታውቁታላችሁ። ሙሽሮቹ መኪና ውስጥ፣ ሞተሩ ሁሉ ከፊት። ግማሹ ቆሞ ይነዳል፣ ግማሹ የፊት ጎማ ያነሳል፣ ቪዲዮ ቀራጩ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ተቀምጦ ይቀርጻል፣ መሀል ላይ አህያ ትገባለች። ለአንድ ቀን የሄደች ሞተር ሳምንት ሊሞላት ሲል ተመለሰች። ሁለቱም ስፖኪዮ የለም። አንድ ፍሬቻ የለም። መሪዋ ከመጣመሙ የተነሳ ቀጥ ብዬ ስሄድ ያየኝ ሰው ልታጠፍ መስሎት ይቆምልኛል። ካቴናው ላይ የሙሽራ ሪባን ተጠምጥሟል። ቤንዚን? በሃይላንድ ተገዝቶ የገባ፣ ከታች ውኃ ያቆረ! ልጁ ታዲያ አፉን ሞልቶ "ጋሼ፣ ቪዲዮው ላይ ግን በጣም አምራለች" አይለኝም?

ቪዲዮውን አየሁት። እውነትም አምራለች። ያናደደኝም ይኸው ነው።

ዲቲዋ እኮ ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣች ናት። ስንት የግብርና ባለሙያ ጭቃ ለጭቃ ያንከራተታት፣ ያንን ሁሉ ዘመን ስፖኪዮዋን ይዛ የኖረች። አንድ ሰርግ ጨረሳት። ሙሽሮቹ አሁን ልጅ ሊወልዱ ነው፤ ለክርስትናው ሞተር ፈልጋችሁ እንዳትመጡ፣ በሚካኤል!

ምን ልል ነበር? አዎ፣ ውድድር የለንም አትበሉ። አዲስ አበባ የሞተር ስፖርት አሶሴሽን አላት፤ እኛ ያለን የሰርግ አጀብ ነው። ፍጥነት አለ፣ ተመልካች አለ፣ የሚያልፍና የሚታለፍ አለ። የጎደለው መርማሪው ብቻ ነው።

እርግጥ የእኛ አገር ሰው "ልይልህ" የሚለውን ሰው ድሮም አይወድም። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር መጣ ሲባል የሞጣና የቢቸና ገበሬ ለገማቾች እምቢ ብሎ ጠመንጃ አነሳ፤ ጦር ተላከበት፣ በመጨረሻ ወደ ኋላ ያለው ግን መንግሥት ነው። ከዚያ ቤት የወጣ ልጅ ፍሬንህን ልይ ሲሉት ቢቆጣ ምን ይገርማል? ቀልዴን ነው። ግማሹን።

በፈረስ ጊዜ ግን እንዲህ አልነበርንም። ጎረቤቶቻችን አዊዎች ጥር 23 የፈረሰኞቹን በዓል ሲያከብሩ እዩ። ኮርቻው ሳይጠብቅ፣ ልጓሙና እርካቡ ሳይታይ የሚጋልብ የለም፤ አንዱ ሌላው ያሰረውን ኮርቻ በእጁ ነካክቶ ያያል፣ የሚቀየምም የለም። ኮርቻ ሲዞር የሚጎዳው ጎን ለጎን የሚጋልበውም መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል። ቤንዚን ሲገባበት ነው እንዴ ነገሩ ነውር የሆነው?

በነገራችን ላይ የአክስቴ ልጅ "እኛ ጋ ከፍታው ያስቸግራል፣ ሞተር አየር ያጥረዋል" ብሎ ሊያስተምረኝ ሞከረ። ዴንቨር 1,600 ሜትር ናት፤ ሞጣም ቢቸናም ከ2,400 በላይ ናቸው። "አንተ ቆለኛ!" አልኩት። እዚህ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ጂግለሯ ካልተቀየረላት ዲቲ ቤንዚን ይበዛባታል፣ ካንዴላዋ ይጠቁራል፣ ዳገት ላይ ታለከልካለች። የእሱ ኒንጃ በኮምፒውተር ራሷን ታስተካክላለች። እኔ ካርቡራተር ፈትቼ በአፌ ነው የምነፋው።

መጨረሻ ላይ ሄልሜቱን አሳየኝ። እሱም ይመረመራል፤ ውስጡ ያለው ምልክት፣ ማሰሪያው፣ ስንጥቅ ይኑረው አይኑረው። አንዴ የወደቀ ሄልሜት ውጪው ደህና ቢመስልም አይታመንም። ያኔ ዝም አልኩ። እኛ ሄልሜት የምናጠልቀው ክርናችን ላይ ነው። በሰርግ አጀብ አንድ ልጅ አጥተናል። ስሙን አልጠራም፤ እናቱ እዚህ ፌስቡክ ላይ አለች፣ ታነባለች። ሞተሩን ከመንገድ ያነሳነው እኛ ነበርን። ጋዙ ተጠምዝዞ እዚያው ቀርቶ ነበር፤ ሽቦው ዝጎ አልመለስም ብሎ። አንድ ጠብታ ዘይት የሚፈታው ነገር። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ስንቶቻችን ያንን ሞተር ነድተነዋል! ማንም "ይሄ ጋዝ ይይዛል" አላለም። ወይ ብሏል፣ ማንም አልሰማም።

ስለዚህ ሚዜዎች፣ እናንተን ነው። ከአጀቡ በፊት ባለው ቀን ሞተሮቻችሁን ሜዳ አውጡ። ጋራዥ ያላችሁ ልጆች መፍቻና ፒንሳ ይዛችሁ ኑ፣ እኔም እመጣለሁ። ጋዙ ሲለቀቅ በራሱ ጧ ብሎ ይመለስ። ፍሬኑ ይያዝ። ካቴናው አይላላ፣ ሪባንም አይታሰርበት። ጎማው ሽቦ ያወጣ፣ ኩሽኔታው የሚንቀጫቀጭ፣ ሄልሜት የሌለው፣ እሱ መኪና ውስጥ ከሙሽራዋ አክስቶች ጋር ተጣቦ ይሂድ። ስፖኪዮ የሌለውን እኔ አሳልፈዋለሁ፣ ቃሌ ነው።

በቃ፣ ደከመኝ። የዲቲ የፊት ፍሬን ሸራ ባሕር ዳር ያየ ሰው ዋጋውን ኢንቦክስ ያድርግልኝ።