እኛ ያየነውን ተማሪው አይቶታል ወይ?

በዚህ ዕትም ይዘን የቀረብነው ግለ ሂስ ነው። ለማስተማር ልምምድ ወደ ኑኑ ቁምባ ሄደን የነበርን አምስት የአማርኛ ዕጩ መምህራን በአንድ ልጅ ላይ የፈጸምነውን ስሕተት፣ የስሕተቱንም መንስኤ ሳንደብቅ እንናገራለን። ነገ እናንተም በዚያው መንገድ ታልፋላችሁና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለስምንተኛ ክፍል ስለ ኦነሲሞስ ነሲብ አጭር ምንባብ አዘጋጀን። ኦነሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1899 መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ተርጉመው ያሳተሙ፣ በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥተው ያስተማሩ፣ በ1931ም እዚያው ነቀምቴ ያረፉ ሰው ናቸው። በቋንቋ ሥራቸው አስቴር ጋኖ ብዙ አግዛቸዋለች። ኦሮምኛ ዛሬ የሚጻፈው በቁቤ ቢሆንም ያ መጽሐፍ የታተመው በግዕዝ ፊደል ነበር። ይህን ለተማሪዎች ለማሳየት ብለን «እውነት» ማለት የሆነውን የኦሮምኛ ቃል «ዹጋ» ብለን በግዕዝ ፊደል በምንባቡ ውስጥ አስገባን።

ወረቀት ለማባዛት ገንዘብ አልነበረንም። ከመካከላችን አንዱ የድረ ገጽ አሠራር በስልኩ ተምሮ ስለነበር ትምህርቱን እንደ ድረ ገጽ ሠራው። ከላይ ሜኑ የምንለው ማውጫ አለ፤ ሦስት ነገር ተጽፎበታል፦ ምንባብ፣ የቃላት ፍቺ፣ የመልመጃ ጥያቄዎች። አንዱን ሲነኩት የሚፈለገው ክፍል ይከፈታል። በላፕቶፕ አየነው፣ በየስልካችን አየነው፤ አማረ! ፋይሉን በብሉቱዝ ለተማሪዎች ሰጠን። ስልክ ያለው ቤተሰብ ጥቂት ስለሆነ ሦስት አራት ሆነው በአንድ ስልክ እንዲያነቡ፣ መልሱን ግን እያንዳንዱ በደብተሩ ጽፎ እንዲመጣ አዘዝን።

በማግሥቱ ደብተር ስናርም አንድ ልጅ ከጥያቄዎቹ አንዱንም አልመለሰም። የቃላት ፍቺውን ግን አጥርቶ ገልብጧል። በ«ዹጋ» ቦታ ደግሞ ትንሽ አራት ማዕዘን ሳጥን በማስመሪያ ሥሎ፣ ከጎኗ «ጋ» ጽፎ መጣ።

«ጥያቄውስ?» አልነው።

«ቲቸር፣ ጥያቄ የሚል የለም።»

«እንዴ! ሌሎቹ ከየት አመጡት ታዲያ?»

ዝም አለ። ሳጥኗን ለክፍሉ አሳየንና ተማሪው ሁሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ጻፍንበት። «ሰነፍ» የሚለው ቃልም ከአፋችን ወጥቷል፤ አንክደውም።

በነጋታው ልጁ የታላቅ ወንድሙን ስልክ ለምኖ ይዞ መጣ። ወንድሙ ለጠዋት ብቻ ነበር የፈቀደለት። ከፍተን አየን። ጉድ ነው! ማውጫው ላይ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው፦ ምንባብ እና የቃላት ፍቺ። ሦስተኛው የለም። ወደ ምንባቡ ወረድን፤ ሳጥኗም በቦታዋ አለች፤ ቀጥሎ «ጋ»። ልጁ ያየውን ነበር የጻፈው። ያልዋሸን ልጅ በክፍሉ ፊት ውሸታም አድርገነዋል።

ለመሆኑ አንድ ፋይል እንዴት በአንዱ ስልክ እንዲህ፣ በሌላው እንዲያ ይሆናል? ወደ ተቋማችን ስንመለስ መምህራችንን ጠይቀን፣ እኛም ሞካክረን የተረዳነው ይህ ነው።

ድረ ገጽ እንደ ፎቶግራፍ ያለቀለት ሥዕል አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። «ይህን በትልቁ ጻፍ፣ ይህን በመስመር ደርድር» ይላል። ትእዛዙን አንብቦ ገጹን የሚሠራው ብራውዘሩ ነው። አንድ ሊጥ በሦስት ምጣድ ቢጋገር እንጀራው አንድ ዓይነት እንደማይወጣ ሁሉ፣ አንድ ትእዛዝም በፋየርፎክስ፣ በክሮምና በሳፋሪ ሲነበብ ትንሽም ቢሆን ሊለያይ ይችላል። ኦፔራ ሚኒ ደግሞ ዳታ ለመቆጠብ ሲል ገጹን በራሱ ሰርቨር ላይ አሳጥሮ ስለሚልከው፣ ሲነኩት የሚዘረጋ ማውጫ አንዳንዴ አይሠራበትም። ችግሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1995 በኋላ ኔትስኬፕና ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሲፎካከሩ፣ በአንደኛው የሚያምረው ገጽ በሌላኛው የሚበላሽበት ጊዜ ነበር። የጋራ ደንብ የሚያወጣ ጉባኤ በ1994 በቲም በርነርስ ሊ መሪነት ቢቋቋምም፣ ሁሉም በደንቡ እስኪገዛ ዓመታት ፈጅቷል። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በ2022 አገልግሎቱ አብቅቷል።

ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ደግሞ የፊደሉ ጉዳይ ይጨመራል። ጥንት ኮምፒዩተር በአንድ ፎንት ውስጥ ለፊደል የሚሰጠው ቦታ ቢበዛ 256 ነበር። የእኛ ግን 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ። ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲታከሉ አይበቃም። ስለዚህ ፎንት ሠሪው ሁሉ በየራሱ መላ ፊደሉን በላቲን ቦታ ላይ ደለደለ። ያንኑ ፎንት ያልጫነ ሰው ጽሑፉን ሲከፍት ትርጉም የሌለው የላቲን ዝባዝንኬ ያያል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ግን ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው። «ሀ» 4608ኛ ቁጥር ላይ ተቀመጠች፤ «ዸ» እና ቤተሰቦቿም ያኔውኑ ቁጥር አግኝተዋል።

ታዲያ ቁጥር ካላት ለምን ሳጥን ሆነች? ቁጥር ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ የቁጥሩን ቅርጽ የያዘ ፎንት መሣሪያው ላይ መኖሩ ሌላ ነገር። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባል የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ፤ ከእርሱ በፊት በነበረው ኤክስፒ ላይ ግን ሰው ፈልጎ ካልጫነ ፊደላችን በሙሉ ሳጥን ነበር። ብራውዘር በተመረጠው ፎንት ውስጥ ፊደሉን ሲያጣ ከሌላ ፎንት ይበደራል። ለዚህ ነው ከእኛ በአንዱ ስልክ ላይ «ዹ» ከጎረቤቶቿ ወፍራ የታየችው፤ ልብ አላልነውም እንጂ ነግራን ነበር። የሚበደርበት ሲያጣ ደግሞ ሳጥን ያቆማል። በልጁ ወንድም ስልክ የሆነው ይኸው ነው።

የጠፋው ጥያቄስ? እዚያ ላይ ጥፋቱ የራሳችን ነው። ማውጫው ከአንድ መስመር እንዳይወጣ፣ ከገጹ ጠርዝ ያለፈውም እንዲቆረጥ ያዘዝነው እኛ ነን። በእኛ ስልኮች ያለው ፎንት ቀጠን ያለ ስለነበር ሦስቱም ቃላት ገቡ። የዚያኛው ስልክ ፎንት ሰፋ ያለ ነው፤ ሁለቱ ቃላት መስመሩን ሞሉትና ሦስተኛው ተቆረጠ። ልጁ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን በምን ይወቅ?

ልምምዳችን ሳያልቅ አንድ ነገር ማረም ችለን ነበር። ዜሮው የተሰጠው በክፍሉ ፊት ስለነበር የተሰረዘውም በክፍሉ ፊት ነው። ስልኩን ለተማሪዎቹ አዙረን አሳየን፤ «የተሳሳትነው እኛ ነን» አልን። ምላሳችን ከብዶን ነበር፣ ግን አልን። ጥያቄዎቹን በሰሌዳ ጻፍንለት፤ ከአሥሩ ስምንቱን መለሰ። ከዚያ እጁን አወጣና «ሳጥኗስ ምንድን ናት?» አለን። «ዹ»ን በጠመኔ ጻፍንለት። እሱም በደብተሩ ያለችውን ሳጥን ሳይሰርዝ ከላይዋ ፊደሏን ጻፈ።

ከዚህ የቀሰምነውን ለናንተ እናካፍላለን። አንደኛ፣ የምታዘጋጁትን ገጽ ቢያንስ በሦስት ዓይነት ስልክና በሁለት ብራውዘር ሳታዩ አትስጡ፤ አንዱ ስልክ አሮጌ ይሁን። ሁለተኛ፣ ማውጫውን ወደ ጎን ከመደርደር ወደ ታች ደርድሩት፤ ወደ ታች ቦታ አያልቅም። ሦስተኛ፣ ጽሑፉ የተጻፈበት ስልት ዩቲኤፍ 8 መሆኑን በገጹ መግቢያ ላይ ግለጹ። በዚህ ስልት እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ብራውዘሩ በግምት ከተሳሳተ «ሰላም» ዘጠኝ ባዕድ ምልክት ሆና ትቀርባለች። አራተኛ፣ ዋናውን ጥያቄ በሰሌዳም ጻፉት፤ ጠመኔ ብራውዘር አይፈልግም።

አምስተኛውን የምንለው ለመምህርነታችን ነው። ተማሪ «አላየሁትም» ሲል መጀመሪያ ሄደን እሱ በቆመበት ቆመን እንይ። ቀይ እስክሪብቶው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ ጓደኞቻችን ጽፋችሁ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን።