ሞክሮ የሚለወጥ ሰው

«የጎጃም ገበሬ ለውጥ አይወድም» የሚል ነገር ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከዚያም ወርዶ እስከ ሽንዲ ያለውን ማሳ በክረምት ያየ ሰው ይህን አይልም። ዛሬ ዓይን እስኪደክም የሚታየው በቆሎ የአያቶቻችን በቆሎ አይደለም።

ከዘሩ ልጀምር። ድሮ ዘር የሚወጣው ከቤት ነበር። ከምርቱ ደህና ደህናው ተመርጦ ከምድጃው በላይ ጭስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቀላል፤ ነቀዝ አይደፍረውም፤ የዘር ጊዜ ሲደርስ ይወርዳል። ዘር ያለው ሰው የማንንም ደጅ አይጠናም ነበር። በ1980ዎቹ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው የእርሻ ፕሮግራም በገበሬው መሬት ላይ ሠርቶ ማሳያ ሲያስፋፋ፣ በ1987 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የኤክስቴንሽን ፕሮግራሙን ሲጀምር የመጣው ድቅል በቆሎ ይህን ሁሉ ገለበጠው። ከባኮ ምርምር ማዕከል የወጣው ድቅል፣ ቢኤች 660፣ ዘሩ በየዓመቱ ይገዛል፤ ከራሱ ምርት አስቀርቶ መልሶ የዘራ ሰው ምርቱ ይወርድበታል። እስቲ አስቡት፦ አባት ያወረሰውን ዘር ትቶ፣ ማዳበሪያ በብድር ወስዶ፣ በዕድሜ ልጁ የሚሆን የልማት ሠራተኛን ቃል አምኖ መዝራት። ዝናቡ ቢቀር ዕዳው አይቀርም።

ያም ሆኖ ገበሬው ገባበት። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ አገባቡ ነው። መሬቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ አልሰጠም። ከማሳው ጥግ ቆርሶ አዲሱን ዘራ፣ የቀረውን በለመደው ሸፈነ፣ እስከ አጨዳው ጠብቆ ሁለቱን አስተያየ፣ የጎረቤቱንም ሄዶ አየ። በቀጣዩ ዓመት ጥጉ ሰፋ። በብተና የኖረ እጅ ገመድ ዘርግቶ በመስመርና በመስመር መካከል 75 ሳንቲ ሜትር መለካት ጀመረ። በዚህ መሐል ሰውየውም ሌላ ሰው ሆነ፤ ቀን የሚይዝ፣ የብድሩን ወለድ የሚያሰላ፣ ባለሙያውን «ለምን?» ብሎ የሚሞግት ገበሬ ወጣ።

የመጣለትን ሁሉ የሚቀበል እንዳይመስላችሁ ደግሞ 1960 ዓ.ም.ን አስታውሱ። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ጎጃም አልቀበልም አለ። ገበሬው ዛሬ ግምት ነው ያሉት ነገ የመሬት ልኬት ሆኖ ርስቴን ይነካል ብሎ ሰጋ። ጦርና አውሮፕላን ተላከበት። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ግብሩም በጎጃም ሳይሠራ ቀረ። ሠላሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላ አዲሱን ዘር የሞከረው ያው ሕዝብ ነው። ዘሩን ሞክሮ መተው ይችል ነበር፤ ግብሩን አይችልም። (በኋላ ማዳበሪያ በኮታ የተጫነባቸው ጊዜያት እንደነበሩ አውቃለሁ፤ ያንንም ገበሬው በደስታ አልተቀበለም።)

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ይህ አገር ሰውን በለውጥ የሚያሳድግበት ትምህርት ቤት ነበረው። የቆሎ ተማሪ ገና በልጅነቱ ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከወላጆቹ ቤት ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም እንዳይመልሱት ተደብቆ ነው የሚሄደው። ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ጎንጅ፣ ዋሸራ እያለ ከአንዱ የኔታ ወደ ሌላው ይሻገራል። በየመንደሩ ውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ይለምናል፤ የባለጸጋ ልጅም ቢሆን ይለምናል። ትምህርቱ ራሱ ባሉበት መቆምን አይፈቅድም። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ሁለት ቤት ባለው ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ እያለ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይወጣል። ትናንት የተቀኘውን ዛሬ ይዞ ቢቀርብ ዋጋ የለውም። በየዕለቱ አዲስ ቆጥሮ የኔታ ፊት ይቆማል፣ ይታረማል፣ አንዳንዴም የደከመበት ሁሉ ይፈርስበታል። ያን ተማሪ ያሳደገው ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ደጋግሞ ጀማሪ ለመሆን መፍቀዱ ነው እላለሁ። በዜማ የተመሰገነ ልጅ እንኳ ቅኔ ቤት ሲገባ ከታች ነው የሚጀምረው።

ይህን የማነሣው የ12ኛ ክፍል ውጤታቸውን አይተው ቤት ስለተቀመጡ ልጆቻችን ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከፍ ቢልም ብዙኃኑ አሁንም የማለፊያ ውጤት አያገኝም። በእኛ አካባቢ ደግሞ ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው አሉ። ለእነዚህ «ለውጥን ተቀበሉ» ብሎ መስበክ ግፍ ነው። የተዘጋ ትምህርት ቤት መከፈት አለበት፤ ከዚህ የሚቀድም ምክር የለኝም።

ግን እስከዚያው ልጁ ቆሞ መጠበቅ የለበትም። ቡሬ በ2013 ዓ.ም. የፊቤላ ዘይት ፋብሪካና የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቁባት ከተማ ናት። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ማሽን የሚጠግን፣ ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ፣ ሂሳብ የሚይዝ ሰው ይፈልጋል። በቆሎና በርበሬ የሚጭነው መኪናም፣ ውኃ የሚስበው ሞተርም እንዲሁ። ዩኒቨርሲቲን ሲያልም የኖረ ልጅ ጋራዥ ገብቶ መፍቻ አቀባይ ሲሆን ክብሩ የተነካ ይመስለዋል። አልተነካም። አዲስ የኔታ ዘንድ ገባ እንጂ።

ወላጆች ሆይ፣ «ወደቀ» የሚለውን ቃል ከቤታችሁ አውጡ። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ውጤት አልመጣላትም ብላችሁ ለመዳር አትቸኩሉ። ምን መሞከር እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው፤ ጊዜ ስጧቸው፤ ሥራውን ከሚያውቅ ሰው ጋር አገናኟቸው፤ ባይሆንላቸው ሌላ ይሞክሩ። የቡሬና የፍኖተ ሰላም ባለሙያዎች፣ ጋራዥ፣ የልብስ ስፌት፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ያላችሁ፣ ዘንድሮ አንድ ልጅ ከጎናችሁ አስቀምጡና ሙያችሁን አስተምሩልን።