መቻልን በአደራ ስንቀበል

እኛ ከኢንስቲትዩቱ አጥር ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይተን የምንኖር አራት ሰልጣኞች ነን። ሰሞኑን አምስተኛ ጨምረናል። ኪራይ አያዋጣም፤ ሃንዳውት አያነብም፤ ግን ከሁላችንም ቀድሞ ይነሳል። ውሻ ነው። «ለራሳቸው መች ጠገቡና!» ያላችሁትን ሰምተናል። እውነት ነው፤ ወር መጨረሻ ላይ ሽሮአችን ይቀጥናል። ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደመጣ እዚሁ ግድግዳ ላይ ብንናገር ይሻላል ብለናል።

ከገበያው ወዲያ አንዲት እናት አሉ። መኪና የገጨውን፣ ጌታው ጥሎት የሄደውን ውሻ ሁሉ ግቢያቸው አስገብተው ያስታምማሉ፤ ሲያገግም ሁነኛ ሰው ፈልገው ይሰጣሉ። «እኔ ባለአደራ እንጂ ባለቤት አይደለሁም» ይላሉ። ይህንን ትንሽ ውሻ ያየነው እሳቸው ዘንድ ነው። ቁመቱ ከጉልበት በታች፣ ፀጉሩ የከረደደ፣ ጢማም ነገር ነው። ባለቤቶቹ ከተማውን ሲለቁ በር ላይ ትተውት ሄዱ፤ ከዚያ ባጃጅ ገጨውና የኋላ እግሩን ያነክሳል። የእንስሳት ሐኪሙ እንደነገሩን ቴሪየር የሚባለው ዘር ቅልቅል ነው። ስሙ መሬት ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን፣ ዘሩም ጉድጓድ ገብቶ አይጥና ቀበሮ እንዲያድን የተራባ ነው። ይኸኛው ግን የሚገባው አልጋ ሥር ብቻ ነበር። እኒያ እናት ስሙን መቻል ብለውታል።

«እንውሰደው» ስንላቸው ወዲያው እሺ አላሉንም።

«ለመሆኑ እዚህ ስንት ጊዜ ትቆያላችሁ ልጆቼ?»

«እስክንመረቅ፤ አንድ ዓመት ከመንፈቅ።»

«ከዚያስ?»

እርስ በርሳችን ተያየን። አንዳችንም መልስ አልነበረንም።

«አንዴ የተጣለ ሁለተኛ ከተጣለ ሰው አያምንም። እስቲ ሦስት ቅዳሜ እየመጣችሁ ተያዩ» አሉን። ሄድን። በሦስተኛው ቅዳሜ ቃል አስገብተው ሰጡን፤ ክትባቱ ጊዜው እንዳያልፍ፣ በሰንሰለት እንዳይውል፣ ማሳደር ያቃተን ዕለትም ለእሳቸው እንድንመልስ እንጂ መንገድ ላይ እንዳንጥለው።

የክትባቱን ነገር ነገ ለተማሪዎቻችን የምንነግረው ስለሆነ እዚህ እንጻፈው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ ግን ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ውሻ ለነከሰው ልጅ ከሰጠው ጀምሮ አለ። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ሐኪሙ ሌላም ነገር ነግረውናል፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። እኛ ደግሞ ከወጥ ትራፊ በቀር ምን አለን? ስለዚህ እንጀራውን ወጥ ሳይነካው እንለይለታለን።

መቻል በመጀመሪያው ሳምንት ከአልጋ ሥር አልወጣም። ብንጠራው ይብሳል። በኋላ ዘዴውን አገኘነው፤ ጀርባችንን ሰጥተን መሬት ላይ እየተቀመጥን ዳቦ ከጎናችን ማስቀመጥ። በስምንተኛው ቀን ከእጃችን በላ። ያን ማታ ፈተና ያለፍን ያህል ደስ አለን።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ከእኛ አንዱ ለማስተማር ልምምድ ሲዘጋጅ ካርቶን ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ ረዥም መጠቆሚያ ዘንግ ይዞ ቆመ። «ልጆች፣ ወደዚህ ተመልከቱ!» ብሎ ዘንጉን ገና ከፍ ሲያደርግ መቻል ባለበት ሸና፤ እየተንቀጠቀጠም አልጋ ሥር ገባ። እስኪነጋ አልወጣም።

ኧረ ማንም አልመታውም! ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዱ በልጅነቱ በማስመሪያ የተመታውን ጣቱን አሳየን። ሌላው የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሆዱን ይቆርጠው እንደነበር አወራ። ዘንጉን የያዘው ጓደኛችን «ልጅ ያለ ቁንጥጫ አይማርም» እያለ ሲከራከረን የከረመ ሰው ነው። ያን ማታ አልተከራከረም። «እኔን የሚፈራኝ ልጅም የሚያስበው ስለ ትምህርቱ ሳይሆን ስለ ዱላው ነው ማለት ነው» አለና መሬቱን በጨርቅ ወለወለ። በማግስቱ ዘንጉን ለአከራያችን ሰጠ፤ ዛሬ የልብስ ማስጫ ገመድ ደግፎ ቆሟል። ልምምዱንም በጣቱ እየጠቆመ አስተማረ።

መቻልን እንደ አዲስ ለማግባባት ሌላ አሥር ቀን ፈጀብን። አሁን በር ድረስ ይሸኘናል፤ ስንመለስም እያነከሰ ሮጦ ይቀበለናል።

ምደባው ወዴት ወዴት እንደሚበትነን አናውቅም። «ከዚያስ?» ለሚለው ጥያቄ ግን አሁን መልስ አለን፤ አንዳችን ይዞት ይሄዳል። ማን እንደሆነ ብቻ ገና አልተስማማንም፤ አራታችንም «እኔ ነኝ» ብለናልና።