በገዳሪፍ የታደሰችው የባቡር መጫወቻ

ከመተማ ጋላባትን ተሻግረን ገዳሪፍ ገባን። የአገሩን ማሽላና ሰሊጥ ወደ ፖርት ሱዳን ያጓጓዘው ባለ 1067 ሚሊሜትር ሐዲድ ከከሰላ በገዳሪፍ አልፎ እስከ ሰናር የተዘረጋው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው። ከሐዲዱ ሳንርቅ ባረፍንበት በአንድ የአገራችን ሰው ቤት ደግሞ የልጆች ባቡር ከነመንገድ መዝጊያው ከሣጥን ወጣ። መዝጊያዋ በሞተር የምትነሣ ናት፤ ብዙ ዓመት ተኝታ ስለ ኖረች ግን ኤሌክትሪክ ቢሰጧት ከማጉረምረም በቀር አልተንቀሳቀሰችም።

የቤቱ ጌታ ኃይሉን ሊጨምሩባት ሲሉ ከለከልናቸው፤ ተይዞ የቆመ ሞተር ኃይል ሲበዛበት ሽቦው ይቃጠላልና። ፈትተን ብናያት የቆየው ግራሶ እንደ ሰም ደርቆ ጥርሶቹን ይዟቸዋል፤ የገዳሪፍም አቧራ አልቀረባትም። በነጭ ጋዝ አጥበን ካደረቅን በኋላ በመርፌ ጫፍ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረግንባት፤ የበዛ ዘይት ዳግመኛ አቧራ ይሰበስባል። በጣታችን አዙረን መላላቷን ካየን በኋላ ባትሪውን አያያዝን። መዝጊያዋ እየተንቀጠቀጠች ተነሣች፤ ትንሹም ልጅ ባቡሩን ሊያመጣ ሮጠ።